እሳቱ ሳይነሣ የሚጻፍ ዝርዝር



ውድ ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ የዚህ ወር ጥናታችን ስለ ቅርስ ነው። ይበልጥ በትክክል፣ ቅርስ ያለበት ቤት እሳት ሲነሣበት፣ ውሃ ሲገባበት ወይም ጦርነት ሲደርስበት ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ስለ መወሰን ነው። ርዕሱን ስነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ «ይህ የሙዚየም ሠራተኞች ሥራ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሮዘተንቪል ተወልዶ ያደገ ልጅ ቅርስ ሲባል ሐረርን፣ አክሱምን፣ ላሊበላን እያሰበ ሩቅ አገር ይሄዳል። እኔ ግን ከዚሁ ከከተማችን ልጀምር። ዓመቶቹንም ሁሉ እናንተ በለመዳችሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ወላጆቻችሁ ጄፒ ላይ ሱቅ ካላቸው ጁበርት ፓርክን ያውቁታል። ከታክሲ ማቆሚያው ጫጫታ አጠገብ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን የቆመው ትልቁ የድንጋይ ሕንፃ የጆሃንስበርግ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ነው። የነደፈው ኤድዊን ሉትየንስ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ሲሆን በ1915 ተከፈተ። በስብስቡ የፒካሶና የሮዳን ሥራዎች አሉ። በ1940 ከጄራርድ ሴኮቶ አንድ ሥዕል ገዛ፤ ጋለሪው ከጥቁር ሠዓሊ የገዛው የመጀመሪያው ሥራ ያ ነበር። ይህን ሁሉ ሀብት ለአደጋ ያጋለጠው ታዲያ ምን ይመስላችኋል? ጣሪያ ነው። በ1980ዎቹ የተጨመረው ክፍል ለዓመታት ሲያፈስ ኖረ፤ በዚያ ላይ የጣሪያ መዳብ የሚነቅሉ ሌቦች መጡ። በ2017 ከባድ ዝናብ ሲወርድ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ጋለሪው ለሕዝብ ተዘጋ። ስብስቡ የት ይቀመጥ፣ ሕንፃው እንዴት ይታደስ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ብዙ አነጋግሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጆበርግ ዝናብ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም። ከኦክቶበር እስከ ማርች ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር፣ መብረቁና በረዶው ሲመጣ ሁላችንም እናውቃለን። «አደጋ» የምንለው ነገር አብዛኛው እንዲህ ቀኑን ነግሮ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጻፈው ስለ እሳት አደጋ መኪና አይደለም። መሰላል ያለው ማነው፣ በሴፕቴምበር ወር የጣሪያውን አሸንዳ ከቅጠል የሚያጸዳው ማነው የሚል ተራ ጥያቄ ነው። ተራ ስለሆነ ማንም አይወደውም።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ሰው ነው። ኦገስት 31 ቀን 2023 ከንጋቱ በፊት ማርሻልታውን ውስጥ የኡሲንዲሶ ሕንፃ ተቃጠለ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው የከተማው አስተዳደር ንብረት ነበር፤ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች «ፓስ» የሚባለውን የይለፍ ወረቀት ለማግኘት የሚሰለፉበት ቢሮ ስለነበረ የታሪክ ቦታም ነው። ከሟቾቹ ውስጥ እንደ እኛው ከሌላ አፍሪካ አገር የመጡ ብዙ ነበሩ። መውጫ በሮች ተቆልፈው ስለነበር ሰዎች በመስኮት ዘለሉ። አሁን ቤታችሁንና የወላጆቻችሁን ሱቅ አስቡ። በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ፣ በበሩ ብረት፣ በብረቱ ላይ ቁልፍ። ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ ያለው ወንድማችን ማታ ከውስጥ ቆልፎ ነው የሚተኛው፤ የሚያደርገውም ሌባ ፈርቶ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ሌባውን የሚያስቀረው ብረት እሳት ሲነሣ ባለቤቱንም ያስቀራል። ስለዚህ በማንኛውም የቅርስ ዕቅድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ነፍስ። ሰው ሳይወጣ ዕቃ አይወጣም። የወጣ ሰውም ለዕቃ ብሎ አይመለስም፤ ኪታብም ቢሆን፣ ሙስሐፍም ቢሆን።

ሦስተኛው ስለ መሣሪያ ነው፤ በዚህ ቶሎ ልለፍ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ኬፕታውን ያለው ፓርላማ ሲቃጠል ሕንፃው እሳት ማጥፊያ የውሃ መርጫ ተገጥሞለት ነበር። ቫልቩ ተዘግቶ ነበር፤ በጊዜው መደረግ የነበረበት ፍተሻም አልተደረገም። ሴፕቴምበር 2018 የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሲነድ ደግሞ አጠገቡ ያሉት የእሳት አደጋ ቧንቧዎች ውሃ አልነበራቸውም። ውሃ በየሳምንቱ በሚጠፋበት ከተማ ለምንኖር ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። መሣሪያ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ይሠራል ወይ ብሎ መፈተሽ ሌላ ነገር ነው።

አራተኛውን ያስተማረን የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ነው። እሑድ ኤፕሪል 18 ቀን 2021 ከተራራው የተነሣ ሰደድ እሳት ወርዶ የጃገር ቤተ መጻሕፍትን ንባብ ክፍል አወደመ። 70,000 ገደማ የሚሆኑ የአፍሪካ ጥናት መጻሕፍት ጠፉ። ምድር ቤት የነበሩት መዛግብት ግን አልተቃጠሉም፤ እሳት የሚያግዱ መዝጊያዎች ወርደው ለዩአቸው። ከዚያ ሁለተኛው አደጋ መጣ፦ እሳቱን ያጠፋው ውሃ ወደ ምድር ቤት ገባ። ፈቃደኞች፣ ከመካከላቸውም ብዙ ተማሪዎች፣ ተሰልፈው በፕላስቲክ ሳጥን እየተቀባበሉ አወጡ። በድንኳን ውስጥ ደረቁንና እርጥቡን ለዩ፤ እርጥቡ ወደ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ሄደ።

ለምን ማቀዝቀዣ? እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ሻጋታ ማብቀል ይጀምራል። አንድ ሺህ መጽሐፍ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ማድረቅ አይቻልም። በረዶ ሲሆን ሻጋታው ይቆማል፤ ጊዜ ታገኛላችሁ። ይህንን በቤታችሁም ልትሠሩበት ትችላላችሁ። የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በካውያም አትተኩሱት፤ ገጹ ይሰባበራል። ጥቂት ከሆነ አቁማችሁ፣ በየመካከሉ የወጥ ቤት ወረቀት አስገብታችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ አድርቁት። ብዙ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ። ፎቶግራፍ ከሆነ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሳይደርቅ ለዩት። ብራና ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡና ባለሙያ ጥሩ፤ ብራና ቆዳ ነው፣ እንደ ወረቀት አይሆንም።

እስካሁን የተናገርኩት የቤት ነገር ነው። አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ አሥር ደቂቃና አራት እጅ ብቻ ካላችሁ ምን ይቀድማል?

ይህን ጥያቄ ሙስሊሞች በጣም ቀድመው ጠይቀውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ በኋላ በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሰዎች ሲሰዉ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሄደው ቁርኣን በአንድ ላይ ይሰብሰብ አሉ። አቡበክር መጀመሪያ ላይ አመነቱ። በኋላ ግን ለአንድ ሰው አደራ ሰጡ፦ ለዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.)፤ ያኔ ገና ወጣት ነበር። እርሱም ከቆዳ፣ ከዘንባባ ልጥ፣ ከድንጋይና ከሰዎች ልብ ሰበሰበ። በዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን ደግሞ ቅጂዎች ተጽፈው ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ተላኩ። ይህን ታሪክ ለሌላ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል። እስቲ በዚህ በኩል እዩት፦ አደጋው ሳይደርስ ሳይሆን የመጀመሪያው ምልክት እንደታየ ወሰኑ፤ ኃላፊው በስም ታወቀ፤ ሀብቱም በአንድ ቦታ ብቻ አልተቀመጠም። ዛሬ የቅርስ ባለሙያዎች የሚጽፉት መመሪያ እነዚሁን ሦስቱን ያስቀድማል።

የቲምቡክቱ ሰዎች በ2012 ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ደቡብ አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጇ አለበት። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ በ2001 ከተማዋን ከጎበኙ በኋላ አገራችሁ ለአሕመድ ባባ ተቋም አዲስ ቤተ መጻሕፍት አሠርታለች፤ በ2009 ተመረቀ። በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙና የወልዮችን መቃብሮች ማፍረስ ሲጀምሩ አብዱልቃድር ሐይደራ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሰውና ጓደኞቹ ኪታቦቹን በቆርቆሮ ሳንዱቅ እየሞሉ ከየቤተሰቡ ቤት አወጡ። በመኪና፣ በኒጀር ወንዝም በጀልባ ወደ ባማኮ አሻገሩ። አስተባባሪዎቹ የቆጠሩት ከ300,000 በላይ ነው። በጃንዋሪ 2013 ታጣቂዎቹ ሲሸሹ በዚያ አዲስ ሕንፃ ያገኙትን አቃጠሉ፤ ዩኔስኮ እንደገመተው 4,000 ገደማ ኪታቦች ተቃጠሉ ወይም ተዘረፉ። ብዙውን ያዳነው እንግዲህ ውዱ ሕንፃ ሳይሆን የቆርቆሮው ሳንዱቅ ነበር። ሁሉ ነገር በዚህ አላበቃም፤ ለደረቅ በረሃ የለመደው ወረቀት በባማኮ እርጥበት ሌላ ፈተና ገጠመው። መሸሻ ቦታም አስቀድሞ ይመረጣል ማለት ነው።

ከአገራችን አንዱን ላንሳ። ነጃሺ መስጂድ ትግራይ ውስጥ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን ነው። የመጀመሪያው ሂጅራ ሲነሣ ሁሌም ስሙ ይነሣል፤ የ15 ሶሓቦች ቀብር በዚያ እንዳለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። በቱርክ የልማት ድርጅት ቲካ ታድሶ በ2018 ተመረቀ። በኖቬምበር 2020 መጨረሻ፣ በጦርነቱ መካከል፣ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ሚናራው፣ ጉልላቱና የቀብሩ ክፍል ተጎዱ። ዕቃ መዘረፉም ተዘገበ። ያን ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር እዚህ ጆበርግ ዜናው የደረሰን ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዱ ሲያለቅስ፣ አንዳንዱ ውሸት ነው ሲል አስታውሳለሁ። ሚናራ ይጠገናል። እኔን የከነከነኝ የተዘረፈው ነገር ነው። ከአንድ ቦታ ምን እንደጠፋ ለማወቅ ምን እንደነበረ መታወቅ አለበት። ፎቶ፣ ልክ፣ የገጽ ብዛት፣ የሽፋኑ ቀለም፣ በዳር የተጻፈ የባለቤት ስም ያለው መዝገብ ሌላ ከተማ ካለ፣ የተሰረቀ ኪታብ አንድ ቀን በሆነ አገር ጨረታ ላይ ሲወጣ «ይህ የእኛ ነው» ማለት ይቻላል። መዝገብ ከሌለ አይቻልም። ይህ ለሐረርም፣ ለወሎም ያው ነው። ሐረር ላይ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በግላቸው እየሰበሰቡ፣ የኪታብ ጥረዛና ጥገና ተምረው በራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም አቋቋሙ፤ በወሎ ግን በየሸኹ ቤት፣ በየዛውያው፣ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ ዐጀሚ ጭምር፣ በጭስ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያለ ስንቱ ነው።

«ስካን ማድረግ ብቻ አይበቃም ወይ?» ትሉኛላችሁ፤ ስልክ በእጃችሁ ነውና። ስካን ማድረግ ግዴታ ነው፤ አይበቃም። ኦክቶበር 2023 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ሲመታ ዲጂታል ስብስቡ ለወራት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። እነርሱን ያን ያህል ካስቸገረ፣ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ምን ዋስትና አለው? ሁለት ቅጂ፣ በሁለት ቤት፤ አንዱ ደግሞ ከዚህ ከተማ ውጭ።

አሁን ወደ ራሳችን አዳራሽ። ሮዘተንቪል ታሪክ የሌለው ሰፈር አይደለም፤ ኦሊቨር ታምቦ ያስተማረበት፣ ሂዩ ማሴኬላ የተማረበት የሴንት ፒተርስ ትምህርት ቤት እዚሁ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት አሮጌ ቤቶችም በሕግ ዓይን ተራ አይደሉም። በ1999 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ከ60 ዓመት በላይ የሆነውን ሕንፃ ያለ ግዛቱ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ማፍረስም መለወጥም አይቻልም። የአደጋ ጊዜ መውጫ በር እንኳ ግድግዳ አፍርሶ ለማውጣት መጀመሪያ መጠየቅ አለብን፤ ስለዚህ ዛሬ ካልጀመርነው ለሚቀጥለው ክረምት አይደርስም።

በአዳራሻችን ምን አለ? ምንጣፍ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት መደርደሪያ የታተሙ ሙስሐፎች፣ አንድ አባት ከወሎ በሻንጣ ያመጡት በእጅ የተጻፈ የፊቅህ ኪታብ፣ የቆዩ የመንዙማ ካሴቶች፣ የመድረሳው ልጆች ሥዕሎች። እና ያ አረንጓዴ ጥራዝ ደብተር። ትልልቆቹ ያውቁታል፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። የጀናዛ መዝገብ ነው። እዚህ አገር የሞተ ወንድም ስሙ፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የተገኘበት ሎኬሽን፣ እዚህ ተቀበረ ወይስ አስከሬኑ ወደ አገር ተላከ፣ ማን ስንት አዋጣ። ከ2008ቱ ጥቃት ጊዜ ጀምሮ የተጻፉ ስሞች አሉበት። አንዳንዱ ስም ከዚያ ደብተር በቀር በየትም አልተጻፈም። ከአገር ቤት እናት ደውላ «ልጄ የት ነው የተቀበረው?» ስትል የሚከፈተው እርሱ ነው።

በቅዳሜው ጥናት ይህን ዝርዝር ሰጥቼ «ቅደም ተከተል አውጡ» ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ ሙስሐፎቹን አስቀደማችሁ። ከአክብሮት የመጣ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ሸሪዓዊ ብይኑን ለኢማማችን እተወዋለሁ፤ እርሳቸውም በሚቀጥለው ደርስ ይናገሩበታል፣ ኢንሻአላህ። ከጥበቃ አንፃር ግን የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የታተመ ሙስሐፍ ነገ ከፎርድስበርግ ይገዛል። የእግዚአብሔር ቃል በሚሊዮኖች ልብ ውስጥ ስላለ በአንድ መደርደሪያ መቃጠል አይጠፋም። በእጅ የተጻፈው ግን አንድ ነው። ኬፕታውን ቦካፕ ውስጥ በአወል መስጂድ ያለውን ሙስሐፍ አስቡ፤ ቱዋን ጉሩ በሮበን ደሴት እስረኛ ሳሉ ከቃላቸው የጻፉት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመስጂዱ ጣሪያ ሥር ተጥሎ ተገኘ፤ ዛሬ እሳት በማይበላው ሣጥን ውስጥ ነው። እዚያ ከታተሙት ይልቅ እርሱ ይቀድማል ብንል የሚከራከረን አይኖርም። በእኛ ቤት ከኪታቡም በፊት ደብተሩ ይቀድማል የምለው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዲት እህታችሁ «የልጆቹ ሥዕል ግን?» ብላ ነበር። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ፎቶ እናንሣቸውና በአራተኛ ደረጃ እንጻፋቸው ብላችሁ ተስማማችሁ፤ ይሁን።

ቅደም ተከተሉ ብቻውን ግን ወረቀት ነው። ፓሪስ ውስጥ የኖትርዳም ካቴድራል በ2019 ሲቃጠል የከበሩ ዕቃዎቹ ዝርዝር ነበር፤ ቁልፉንና የምስጢር ቁጥሩን የያዘው ኃላፊ ግን ቬርሳይ ስለነበር ከዚያ ድረስ መሮጥ ነበረበት። ስለዚህ የእኛ ዝርዝር አንድ ገጽ ይሆናል፤ አራት ዕቃ፣ የእያንዳንዱ ቦታ በአዳራሹ ካርታ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ስም፣ አንዱ በቅርብ የሚኖር። ደብተሩና ኪታቡ ከመደርደሪያው ወርደው በር አጠገብ ባለ እጀታ ባለው ሳንዱቅ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከወለል አንድ ክንድ ከፍ ብለው፣ ከቧንቧ ርቀው። ሎድ ሼዲንግ ሲሆን ሻማ በአዳራሹ አይበራም፤ የባትሪ መብራት አለ። የእሳት አደጋ ስልክ 10177፣ ከሞባይል 112፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ በትልቁ ይጻፋል። ሰዎች የሚሰበሰቡት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ስም የሚቆጥረው ከእናንተ አንዱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገባው የእሳት አደጋ ሠራተኛው ብቻ ነው፤ የካርታውን ቅጂ ለእርሱ እንሰጠዋለን።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከዐሱር ሶላት በኋላ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ እናነሣለን። 140 ገጽ ነው፤ አራት ሰው ይበቃል። እጃችሁን ታጥባችሁና አድርቃችሁ ኑ፣ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያዙ፣ ስልካችሁም ባትሪ ይኑረው። ስሞቹን አንብቦ የሚጽፍም እፈልጋለሁ፤ የአባቶቻችሁ እጅ ጽሑፍ ስለሚያስቸግር ቤት ሆናችሁ ከእናቶቻችሁ ጋር ትንሽ ተለማመዱ።